ለድሬዳዋው ጣሪያ የተቆጠበው ገንዘብ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ቁጠባ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ከደመወዝ ላይ በየወሩ ጥቂት ማስቀረት፣ ዕቁብ መግባት፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ድግስ መተው፣ የልጆችን ልብስና ደብተር አስቀድሞ ማሰብ ለአንባቢያን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የምናቀርበው ግን ከቁጠባው በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ይኸውም አንድ ቤተሰብ ጥርሱን ነክሶ ያጠራቀመው ገንዘብ ሌባ ሳይሰርቀው፣ በመጠጥና በጭፈራ ሳይባክን፣ በቤት ጥገናና በደረሰኝ ብቻ እንዴት ከእጅ እንደሚወጣ ነው። ታሪኩ የራሳችን ነው። ቦታው ጅቡቲ ከተማ፣ ጊዜው ከ2011 እስከ 2012 ዓ.ም. ነው።

ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ በከተማይቱ ውስጥ ሥራ ይዞአቸው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እኛም ከነዚሁ መካከል ነበርን። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር በሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ በወረስናት ትንሽ ቦታ የብሎኬት ግድግዳ አቁመን ጣሪያው ቀርቶብን ነበር። ግድግዳው ራቁቱን ሁለት ክረምት አልፎበታል። እማማ፣ ማለትም የሚስት እናት፣ በዘመድ ቤት ጓዳ ተጠግተው ያቺን ጣሪያ ይጠብቁ ነበር። ስልክ በደወልን ቁጥር ስለ ጤናችን ጠይቀው፣ ስለ ልጆቹ ጠይቀው፣ በመጨረሻ «የቆርቆሮው ነገርስ?» ሳይሉ አይዘጉም ነበር።

ስለዚህ ዕቁብ ገባን። ዐሥራ ሁለት አባወራ ሆነን በወር 30,000 ፍራንክ እንጥል ነበር። ዳኛውና ጸሐፊው ጥብቅ ሰዎች ስለ ነበሩ አንድም ወር አልተዛነፈም። (ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም «ሐግባድ» የሚሉት ይህንኑ የመሰለ ዕቁብ አላቸው፤ የእነርሱን የሚመሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ቅጣታቸውም ከእኛ ይልቅ የከረረ ይመስለናል።) ዕጣው ወር በወር እያለፈን ሄዶ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ እኛ ሆንን። 360,000 ፍራንክ በእጃችን ገባ።

የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተቆራኘ ገንዘብ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህም አንዱ ዶላር በ177.721 ፍራንክ እንደ ተመነዘረ ይኖራል። በዚህ ሒሳብ የእኛ ዕጣ 2,025 ዶላር ያህል ነበር። ገንዘቡ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ዋጋው የሚወርድ አይደለም። እንዲያውም ብዙ የአገራችን ሰዎች ብርን ትተው ፍራንክ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። እኛም ይህን እያሰብን፣ የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ መስከረም ላይ ቆርቆሮውን እንገዛለን ብለን ገንዘቡን በቁልፍ ዘጋንበት። ገንዘቡ እንደማይበሰብስ ስናሰላ ቤቱ እንደሚበሰብስ አላሰብንም ነበር።

ስለ ቤቱ ጥቂት እንበል። ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚገኝ፣ ግድግዳው ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ በጅቡቲ በየሰፈሩ የሚታይ ዓይነት ቤት ነበር። ኪራዩ በአካባቢው ካሉት መሰሎቹ ሁሉ በወር 8,000 ፍራንክ ይቀንስ ነበር። እኛም ይህን እንደ ትልቅ ዕድል እንቆጥረው ነበር። አከራያችን ባልቴት ናቸው፤ «ኤዶ» ብለን እንጠራቸዋለን፤ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ውሉ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥም ሆነ በላዩ የሚደርስ ማናቸውም ጥገና የተከራይ እንደ ሆነ የሚናገር አንድ መስመር ነበረበት። አስተርጓሚው አንብቦልናል፤ ሰምተናል፤ ፈርመናል። ለጅቡቲ ሕግ መሠረት የነበረው የ1804 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በእርጅና ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል የሚመጣ ጥገና በተከራይ ላይ እንደማይጣል ይደነግጋል። ነገር ግን ተዋዋዮች በሌላ ሁኔታ ከተስማሙ የሚጸናው ስምምነታቸው ነው። እኛም ተስማምተን ነበር። በኤዶ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ያሳዩንን ወረቀት ነው የፈረምነው።

የመጀመሪያው ወጪ በግንቦት መጨረሻ መጣ። በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ያላየ ሰው ሐሩሩን በወሬ አይረዳውም። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሃው የሚነሣው «ካምሲን» የሚባለው ነፋስ አቧራ ይዞ ፊትን ይለበልባል፤ ሌሊቱም ቢሆን ከባሕሩ እርጥበት የተነሣ ዕረፍት አይሰጥም። ስለዚህ በከተማይቱ አጠራር «ክሊም» የሚባለው ማቀዝቀዣ፣ ሕፃን ላለበት ቤት እንደ ቅንጦት አይቆጠርም። የእኛ ክሊም መንፋቱን ሳያቆም ማቀዝቀዙን ተወ። የተጠራው ሠራተኛ ጋዝ ሞላበትና 18,000 ፍራንክ ተቀበለን። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ ገና ሞቀ። ሁለተኛ ሲመጣ ከውጭ ያለውን ክፍል ፈትቶ አሳየን፤ የቱቦው መጋጠሚያ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፤ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹም በጣት ሲነኩ እንደ አመድ ይረግፋሉ። «ጋዝ አያልቅም፤ ካለቀ ቀዳዳ አለ ማለት ነው» አለን። ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢነግረን ኖሮ 18,000 ፍራንክ ይተርፈን ነበር። ቱቦውን ለመለወጥ ሌላ 27,000 ከፈልን።

የበደለን የባሕር ጨው ነው። በነፋስ ተሸክሞ የሚመጣ ጨው በብረትና በመዳብ ላይ ያርፋል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይቀልጣል፤ ዝገቱን ያፋጥናል። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተቀባው ዚንክ ነው፤ ዚንኩ እየተበላ ሲያልቅ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። የሲሚንቶ ቤትም ቢሆን አያመልጥም። ጨው በኮንክሪቱ ውስጥ ቀስ ብሎ እየሰረገ ፌሮ ብረቱ ጋ ይደርሳል። ብረት ሲዝግ ከቀድሞ መጠኑ በብዙ እጥፍ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በአሮጌ የጅቡቲ ሕንፃዎች በረንዳ ሥር ልስኑ ተገምሶ ብረቱ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከክሊሙ ቀጥሎ የመጣው የመብራት ደረሰኝ ነበር። ሒሳቡን በኋላ ቁጭ ብለን ስንሠራው ግልጽ ሆነልን። ክሊሙ በሰዓት 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ደኅና በነበረበት ጊዜ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ እያረፈ፣ ከ12 ሰዓት ውስጥ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራ ነበር፤ ይህም በቀን 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ጋዙ ካነሰ በኋላ ግን ክፍሉ ከቶ ስለማይቀዘቅዝ ሞተሩ አያርፍም፤ ስለዚህ በቀን 14.4 ሆነ። በወር ሲሰላ 216 የነበረው 432 ይሆናል ማለት ነው። ከእርሱም ጋር ማቀዝቀዣ ሣጥኑ፣ ማራገቢያው፣ ምጣዱ አለ። በሙቀት እየተቃጠልን እጥፍ እንከፍል ነበር። ከ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 2011) ጀምሮ ከአገራችን ኃይል በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ጣሪያ የምትጠብቀው ድሬዳዋ የምትልክልን መብራት፣ የጣሪያዋን ገንዘብ በላው ብለን በኋላ ስቀናል። ያን ጊዜ ግን ሣቅ አልነበረም። የዘገየው ሒሳብ ተደምሮ 74,000 ፍራንክ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ደረሰኙ በመጣ ዕለት ከሁለታችን አንዳችን ተቀብሎ በዱቄት ጣሳ ሥር ሸሸገው። ማን እንደ ሆነ መጻፉ ለቤት ሰላም ስለማይበጅ እንተወዋለን። የሸሸገው ሰው ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ከደመወዝ ጥቂት በጥቂት ቀንሶ ሊከፍለውና ዕጣው ሳይነካ እንዲቆይ አስቦ ነበር። ነገር ግን ደረሰኝ ተሸሽጎ አይቀርም፤ ማስጠንቀቂያ ይከተለዋል። ማስጠንቀቂያው ለሌላኛችን ደረሰ። በዚያ ሌሊት በቤታችን ውስጥ የተነገረው ቃል ከ74,000 ፍራንኩ ይልቅ ከብዶን ነበር። ሁለት ሰው አብሮ ያጠራቀመውን ገንዘብ አንደኛው ብቻውን ሲጨነቅበት፣ ሌላው ያወቀ ቀን እንደ ተሰረቀ ነው የሚሰማው። ለሦስት ቀን በልጆች በኩል ነበር የምንነጋገረው፤ «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው»፣ «ለእናትሽ ደርሻለሁ በያት» እየተባለ።

ጣሪያው ያስታረቀን ይመስለናል። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ካምሲን ተነሥቶ ሁለት ቆርቆሮ ገነጠለና ከግቢው ማዶ ጣላቸው። ሰው አለመጎዳቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለታችንም ወጥተን ቆርቆሮውን ስንጎትት ማኩረፉ ተረሳ። ሠራተኛ ለማግኘት ግን እስከ ማግስቱ ጠዋት መጠበቅ ነበረብን፤ ምክንያቱም በጅቡቲ ከአገራችን የሚሄደው ጫት ከቀትር በኋላ ከደረሰ፣ ከተማይቱ በሙሉ ጥላ ሥር ትገባለች፤ መዶሻ የሚያነሣ አይገኝም። በማግስቱ የመጣው አናጢ ወጥቶ ጥቂት አንኳኳና ወርዶ፣ «ምስማሩ አይደለም፤ ማገሩ ነው» አለን። ምስማሩ የሚይዘው እንጨት በስብሶ፣ በእጅ ሲጨመቅ እንደ ቆሎ ዱቄት ይፈርስ ነበር። አምስት ማገርና ሁለት ወራጅ ተለወጠ፤ ዘጠኝ ቆርቆሮ ተገዛ። 96,000 ፍራንክ። ለእማማ ቤት የተቀመጠው የቆርቆሮ ገንዘብ ለኤዶ ቤት ቆርቆሮ ሆነ።

አናጢው ሲሄድ የተናገረው ቃል ከጆሮአችን አልጠፋም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ቀለም ቢቀባውና ሦስት ምስማር ቢለውጥ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለን። የዚህ ጋዜጣ አንባቢ የሆነ ወታደር ይህን ለማንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። መሣሪያውን በየጊዜው ፈትቶ ይወለውላል፤ ዘይት ይቀባል፤ የተሽከርካሪው ዘይትና ማጣሪያ በተወሰነው ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ በመዝገብ ይከታተላል። መሣሪያው ሲዝግበት «ያልታሰበ አደጋ ደረሰብኝ» ቢል አለቃው ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም። ያው ወታደር ግን ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እንደ ማናችንም፣ ቤት በራሱ የሚኖር ነገር ይመስለዋል። እኛ በዚያ ቤት አራት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ጣሪያውን ወጥተን አላየንም። በጠራ ሰማይ ስለ ጣሪያ ማን ያስባል!

የውኃው ነገር አጭር ነው። በነሐሴ የመጣው የውኃ ደረሰኝ 38,000 ፍራንክ ሆኖ ስናይ፣ ቆጣሪው ተሳስቷል ብለን ተሟገትን። አንድ ጎረቤታችን ግን ሌሊት ሁሉንም ቧንቧ ዘግተን ቁጥሩን እንድንጽፍ፣ ጎሕ ሲቀድም እንደ ገና እንድናነብ መከረን። ቁጥሩ በእንቅልፋችን ሲሄድ አድሮ ነበር። ከቆጣሪው እስከ ታንከሩ ያለው የብረት ቧንቧ በመሬት ውስጥ ተበልቶ፣ የተከፈለበት ውኃ አሸዋውን ሲያጠጣ ከርሟል። የከተማይቱ የከርሰ ምድር ውኃ ራሱ ጨዋማ ስለ ሆነ ቧንቧው ከውስጥም ከውጭም ይበላል። ለፕላስቲክ ቧንቧና ለቁፋሮ 15,000 ከፈልን። ይህች የሌሊት ንባብ ምንም አታስወጣም፤ ያለን ምክር ሁሉ እርስዋ ብቻ ብትሆን እንኳ ለአንባቢያን ማካፈላችን አይቆጨንም።

እስከ መስከረም ድረስ የወጣው 268,000 ፍራንክ ነው። የቀረው 92,000። በዚህም ቢያንስ የእማማን መኝታ ክፍል እንከድናለን ብለን ተስማማን፤ ለገና ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰውም አገኘን።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. አጋማሽ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2019) ግን ዝናብ መጣ። ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ያን ሰሞን ግን በሁለት ዓመት የሚጠበቀው በአንድ ቀን መውረዱ ተነግሯል። ሰዎች ሞቱ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከፍተኛ ቍጥር ያለው ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። አምቡሊ ዓመቱን ሙሉ የደረቀ ወንዝ በመሆኑ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ50 የማያንሱ ሰዎች መግደሉን በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። እኛም ከሰማን ቆይተናል። ሰምተን፣ «አሁን ተሠርቶለታል» ብለን አለፍነው።

አዲሱ ጣሪያችን አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ውኃው የገባው በበሩ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ያላለች ስለ ሆነች፣ የሚወርደው ውኃ የሚሄድበት አጥቶ ቀስ እያለ በየቤቱ ወጣ። ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ እህሉን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለን፣ ፍራሾቹን ግን ማዳን አልቻልንም። ኤዶ በዚያ ዕድሜያቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው በውኃ ውስጥ እየተራመዱ ሻይ በፔርሙዝ አመጡልን። በልጆቹ ፊት አለቀስን ማለት ያሳፍራል፤ ነገር ግን እውነቱ ይኸው ነው። ውኃው ሲጎድል ሦስት ፍራሽ፣ የማቀዝቀዣ ሣጥኑ ሞተር፣ በዝቅታ የነበሩት ሶኬቶችና ሽቦዎች ተለወጡ። 57,000 ፍራንክ። በሳጥኑ ውስጥ 35,000 ቀረ፤ በዶላር 197 ያህል መሆኑ ነው። ለገና ወደ ድሬዳዋ የሄደው ሰው የወሰደው ለእማማ አንድ ነጠላና ጥቂት ስኳር ብቻ ነበር።

በኋላ ነገሩ ሁሉ ሲረጋጋ ደብተር አውጥተን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደመርነው። በሰባት ወር ውስጥ የወጣው 325,000 ፍራንክ ነው። ከዚያ አንዳችን ሌላ ሒሳብ ጀመረ። ኪራዩ ከሌላው ቤት በወር 8,000 ይቀንስ ነበር፤ በአራት ዓመት፣ ማለት በ48 ወር፣ 384,000 ይሆናል። እርሳሱን አስቀምጠን ተያየን። ያ ገንዘብ የጣሪያው፣ የቧንቧው፣ የክሊሙ ገንዘብ ነበር። በየወሩ በእጃችን ሲሰጠን እንደ ትርፍ ቆጥረነው፣ በምን እንደ ዋለ እንኳ ሳናውቅ በልተነው ኖረናል። ቤቱ ያስከፈለን የራሱን ነው። የወሰደብን ከእማማ ጣሪያ ላይ መሆኑ ግን የእኛ ሥራ ነው፤ ከዕቁቡ ሌላ ምንም የተቀመጠ ነገር ስላልነበረን፣ ቤቱ የሚወስድበት ሌላ ቦታ አልነበረውም።

እንዲህ ስንል ሁሉ በእጃችን ነበር ማለታችን አይደለም። የኅዳሩን ጎርፍ ማንም በደብተር አይመልሰውም፤ በአምቡሊ ዳር ከእኛ ይልቅ ብዙ የጠፋባቸው፣ ሲቆጥቡም ሲጠግኑም የኖሩ ሰዎች አይተናል። የምንናገረው ስለ ጨውና ስለ ሐሩር ነው። እነዚህ ቀናቸውን ጠብቀው፣ በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመጡ ናቸው።

ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በወር 8,000 ፍራንክ በአንድ ፖስታ እናስቀምጣለን። በላዩ «የቤቱ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከዕቁብ ጋር አይደባለቅም፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለልጅ ልደትም አይነካም። ደረሰኝ ሲመጣ የሚቀመጠው በጠረጴዛው መካከል፣ በጨው ዕቃው ሥር ነው፤ የዱቄት ጣሳው ከዚህ ሥራ ተሰናብቷል። ኤዶም ይህን ሲሰሙ ውሉ እንዲሻሻል ራሳቸው ጠየቁ፤ ጣሪያውና ግድግዳው የእርሳቸው፣ ክሊሙና ቧንቧው የእኛ ሆኖ፣ ኪራዩ 3,000 ፍራንክ ጨመረ። በደስታ ፈረምን።

የድሬዳዋው ግድግዳ ግን ጠበቀ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የየብስ ድንበሩ ተዘጋ፤ ዕቁቡም ለጊዜው ቆመ። እንደ ገና ተጀምሮ ዕጣው እስኪደርሰን፣ እማማ ከተባለው ጊዜ ሁለት ዓመት ዘግይተው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከጓዳ ወጥተው በገዛ ጣሪያቸው ሥር ገቡ። ራቁቱን በቆየው ግድግዳ ላይ ዝናቡ ሁለት ረድፍ ብሎኬት በልቶት ስለ ነበር እርሱም መጀመሪያ ታድሷል። እማማ ስለ መዘግየቱ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ይህም አብልጦ ከነከነን።

አሁንም የምንኖረው በዚያው በኤዶ ቤት ነው። ይህን ስንጽፍ ፖስታውን ከፍተን ቆጠርነው፤ 42,000 ፍራንክ አለ። ክሊሙ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት የማናውቀውን ድምፅ ያሰማል፤ ሠራተኛው ነገ ጠዋት፣ ጫት ሳይደርስ እመጣለሁ ብሎናል።